የታጠኑት ብልቃጦች

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ግንቦት መጨረሻ

ውድ ማህደር፣

ይህን ደብዳቤ ማንበብ ከመቀጠልሽ በፊት ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ብልቃጥ አውጥተሽ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪው። ክዳኑን ግን አሁን አትክፈቺው። መቼ እንደምትከፍቺው እነግርሻለሁ። ብልቃጡን ታውቂዋለሽ። አፉ ሰፊ ነው፤ ጎኑ ላይ የተለጠፈው ነጭ ፕላስተር ላይ «ዋሂል፣ ኮምፖስት ያለው» ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽበታል። ጽሑፉ ቢደበዝዝም አለ።

«ውድ» የምትለውን ቃል ለመጻፍ እጄ እሺ አላለኝም ነበር። ስንት ወረቀት ጀምሬ ቀደድሁ። በኋላ ሳስበው ግን ውድ ባትሆኚ ኖሮ እንዲህ አልቃጠልም ነበር፤ ስለዚህ ይቅር፣ ውድ ነሽ። ስደውል አታነሺም፤ በቴሌግራም የምልክልሽን አንብበሽ ዝም ትያለሽ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ። ወረቀት የላክሁት ለዚህ ነው፤ ወረቀት አንብቤዋለሁ አላነበብኩትም ብሎ ምልክት አያሳይም፤ ግን እጅሽ ላይ ይቀራል።

ሁሉንም ከሥሩ ልንገርሽ፤ እንደረሳ ሰው ሆነሽ ነው የምትኖሪውና። ሁለታችንም የማስተርስ ተማሪዎች ነበርን። የእኔ ጥናት የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ያንቺ ደግሞ ገራባ ላይ ነበር። ከተማችን ጫት ቅማ የምትጥለውን ቅጠልና እንጨት፣ ፍየሎቹ በልተው የማይጨርሱትን፣ እትዬ የሺመቤትና የማኅበራቸው ሴቶች ሰብስበው ከፍየል በጠጥ ጋር እያገላበጡ ኮምፖስት ያደርጉታል፤ የዋሂል ገበሬዎች ደግሞ ማሽላና ሽንኩርታቸው ላይ ይበትኑታል። ጥያቄሽ ቀላልና ቆንጆ ነበር፤ ያ ገራባ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? ቅጠሉ ውስጥ የታሰረውን ናይትሮጅን ተክል እንዳለ አይበላውም። በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች አንዱ ፈትቶ ለሌላው፣ ሌላው ለውጦ ለሥሩ ያቀብለዋል። እናቴ ምን እንደምትሠሪ ስትጠይቅሽ፣ «ሆዮ፣ እንደ ሰርግ ቤት ነው፤ አንዱ ይከትፋል፣ አንዱ ያበስላል፣ አንዱ ያቀርባል፤ አንዱ ከቀረ እንግዳው ጦሙን ያድራል» አልሻት። እናቴ እስከ ዛሬ ለደንበኞቿ ትናገረዋለች።

«ሆዮ» ነበር የምትያት፤ እኔ እናቴን እንደምጠራት። ላዳን ወይም እትዬ ላዳን ብለሻት አታውቂም።

የላቦራቶሪያችን ጄኔሬተር ከተበላሸ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ናሙናችን በድሬ ሙቀት ይቀቀል ጀመር። አንቺ ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ እጅሽን ይዤ ወደ ቤት አመጣሁሽ። የጎረቤታችን የባለሱቁ ጄኔሬተር ለእኛም ይሠራልና እናቴ ከወተት ፍሪጇ የታችኛውን መደብ ለቀቀችልሽ። የግመል ወተት ነው የምትሸጠው፤ የወተቱ ቦታ እንጀራዋ ነው። «አፈር ከወተት ጋር?» ብለው ጎረቤቶቿ ሲስቁባት «የልጄ አፈር ነው» አለቻቸው። የልጄ ያለችው አንቺን ነበር። እኔ የዚያን ቀን ትንሽ ቀንቼ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ኮምፖስት ያልነካውን የእርሻ አፈር በመጀመሪያው ቀን ከላቦራቶሪ ባመጣናቸው ብልቃጦች ሞላን። ለማግስቱ የሚሆኑትን፣ ኮምፖስት ከገባበት እርሻ የምንወስድባቸውን፣ እኛ ቤት በፈላ ውሃ አጥበሽ ጨርቅ ላይ ደፍተሻቸው ተኛሽ። እናቴ ማለዳ የወተት ዕቃዎቿን ልታጥን ስትነሳ አገኘቻቸው። ከእርሷ ቤት ያልታጠነ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም። ፍሙ ላይ እንጨቷን ጨምራ የአንዱን ብልቃጥ አፍ ከሌላው ቀጥላ እየደፋች ሁሉንም አጠነቻቸው፤ ጢሱ እንዳይወጣም ክዳናቸውን አጥብቃ ዘጋች። ስንነሳ ተደርድረው ጠበቁን። እናቴ ወተቷን ይዛ ወጥታ ነበር። እኛ ደግሞ የዋሂል መኪና እንዳያመልጠን እየሮጥን ስለነበር ማን ዘጋቸው ብለን እንኳ አልጠየቅንም።

ዋሂል ላይ እኔ ቆፈርሁ፣ አንቺ ሞላሽ። ሁለታችንም ምንም አልሸተተንም። እኔ በዚያ ጢስ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ አፍንጫዬ እንደ ሽታ አይቆጥረውም። አንቺም እኛ ቤት አድረሽ ልብስሽም ፀጉርሽም ጢስ ጢስ ይል ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥፋተኛ የለም ማህደር። የአገር ልማድና የእናት ፍቅር ነው፤ እዚህ ላይ ማንንም አልወቅስም።

ከሳምንታት በኋላ ቁጥሩ ሲወጣ ጮኸሽ ጠራሽኝ። ኮምፖስት ያልነካው አፈር ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ኮምፖስት የገባበት ውስጥ ግን ናይትሮጅኑን የሚለውጡት የሉም ማለት ይቻላል። ሰርግ ቤቱ ውስጥ አብሳዩ ሞቷል። ወዲያው መልስ ተገኘለት፤ ጫት ላይ የሚረጨው መድኃኒት በገራባው በኩል አፈሩ ውስጥ ገብቶ ገድሏቸዋል ተባለ። አማካሪያችን ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ ውጤት በየዓመቱ አይገኝም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ የተረፈውን አፈር ላፈስስ አንዱን ብልቃጥ ስከፍት የእናቴ ማጀት ሸተተኝ።

ማታ እናቴን ጨዋታ አስመስዬ ጠየቅኋት። «ታዲያ ሳላጥናቸው ልስደዳቸው?» አለችኝ። ለምን እንደጠየቅኋት ሳልነግራት አደርሁ። በማግስቱ እዚያው የላቦራቶሪው ደረጃ ላይ አንቺን አስቀምጬ የነገርሁሽን ቃል በቃል ታስታውሻለሽ። ብልቃጡን አፍንጫሽ ሥር ያዝሁልሽ። አሸተትሽው። ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። «አቦ ሰምሰም፣ ለማንም እንዳትናገሪ፤ እንደገና እንወስዳለን» አልሽኝ። እኔም አመንሁሽ። እንደገና መውሰድ ምን ችግር አለው? ዋሂል የትም አልሄደ፤ አፈሩም እዚያው ነው።

ከዚያ እህቴ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ጅጅጋ ሄድሁ፤ እህቴ ታመመችና ቆየሁ። ስመለስ አንቺ ጥናትሽን አቅርበሽ፣ ተጨብጭቦልሽ፣ አዲስ አበባ ሥራ ገብተሻል። ዋሂል እግርሽን አላነሳሽም። ያው ቁጥር፣ ያው ሰንጠረዥ፣ ያው መደምደሚያ፤ በጥቁር ጠንካራ ሽፋን ተጠርዟል። ስለ ጢሱ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንዲት ቃል የለም።

የምስጋናው ገጽ ላይ ግን እናቴ አለች። «ናሙናዎቼን በፍሪጃቸው ላቆዩልኝ ለወይዘሮ ላዳን ከልብ አመሰግናለሁ።» ይህንን ስትጽፊ አላፈርሽም? ወላሂ፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ብትረሺያት ይሻል ነበር። የገጹን ኮፒ ለእርሷ ልከሽላት ታይዋን ገበያ ድረስ ሄዳ ላሚኔት አስደርጋ ከፍሪጁ በላይ ሰቀለችው። ማንበብ ስለማትችል ወተት ሊገዛ የመጣ የተማረ ሁሉ እንዲያነብላት ታደርግ ነበር። ስሟ ጋ ሲደርሱ «ድገመው» ትላለች።

ለመጨረሻ ጊዜ ስልኬን ያነሳሽ ዕለት «ጢሱ መሆኑን በምን አወቅሽ? ማስረጃ አለሽ?» አልሽኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ማስረጃ የለኝማ። ማስረጃ ስለሌለን አይደል እንደገና እንውሰድ ያልነው? የገደላቸው ጢሱ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። የጫቱ መድኃኒት እኔንም ያሳስበኛል፤ አፈሩን እየገደለ ከሆነ ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነኝ። የተናደድኩት ተሳስተሽ ይሆናል ብዬ አይደለም። አለማወቅሽን እያወቅሽ እንደሚያውቅ ሰው ፈርመሻል። የወተት ዕቃ ለምን እንደሚታጠን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? እናትሽ ከዚራ ሰፈር ቤታችሁ የእርጎ ዕቃዋን የምታጥነው ለጌጥ ነው? የጥናት ዘርፋችን እኮ የማይታዩት ምን እንደሚያኖራቸውና ምን እንደሚገድላቸው ማወቅ ነው።

ነገሩ መደርደሪያ ላይ ቢቀር ምናልባት እኔም ከራሴ ጋር እየተጣላሁ እተወው ይሆናል። አልቀረም። አንድ ስብሰባ ላይ ጥናትሽ ተነበበ። ወዲያው የገጠሩን እርሻ የሚከታተለው ባለሙያ፣ ዮኒስ፣ «ተጣርቶ እስኪታወቅ» ብሎ የእትዬ የሺመቤትን ማኅበር ሥራ አስቆመ። የዋሂል ገበሬዎችም የወሰዱትን ኮምፖስት በጋሪ መልሰው ከበራቸው አራገፉት። እትዬ የሺመቤት ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ «እጄን አጣምሬ አልቀመጥም» ብለው ያቋቋሙት ሥራ ነው። እኛን በጥላ አስቀምጠው ሐብሐብ የቆረሱልን፣ ክምሩን በእጃቸው እየገለጡ ሙቀቱን ያስነኩን ሴት ናቸው። ቤታችን መጥተው በሩ ላይ ቆሙና «ልጄ፣ የእናንተ ጥናት ነው አሉኝ። ምን በደልናችሁ?» አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለእናቴ ካልነገርሁ መኖር አልቻልሁም። አንቺ ምን ላይ እንደጣልሽኝ ይገባሻል? የሴቶቹን እንጀራ ላድን ስል የእናቴን ክብር ከግድግዳ ላይ ላወርድ ነው። ስነግራት በመጀመሪያ ተቆጣች። «የእኔ ጢስ ማንን ገደለ? ሰባት ልጅ አሳድጌበታለሁ» አለች። «ሆዮ፣ ወተቱ ሳይበላሽ የሚቆየው ለምንድን ነው?» አልኋት። ጢሱ የሚያበላሹትን ስለሚገድልልሽ ነው፣ አፈሩ ውስጥ ያሉትም የእነርሱ ዘመዶች ናቸው አልኋት። ፍሙን በመቆስቆሻ ነካካችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ማህደር ታውቃለች? «ታውቃለች» አልሁ።

ወንበር ስባ ወጣች። ያንን ወረቀት ከግድግዳው አወረደችው። የምትቀድደው መስሎኝ ነበር፤ በሻሿ ጫፍ አቧራውን ጠርጋ ሰጠችኝ።

«ስሜን ታውጣልኝ» አለች። «ለጢሱ ካልጠራችኝ ለፍሪጁም አታመስግነኝ።»

ማህደር፣ እኔ ስንት መጽሐፍ አንብቤ ንዴቴን እንዲህ አሳጥሬ መናገር አልቻልሁም።

ባለፈው ሳምንት ሴቶቹና ከዋሂል የመጡ ገበሬዎች ከዮኒስ ጋር ሲሰበሰቡ ልናገር ተነሳሁ። እናቴ ግን ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝና እርሷ ተነሳች። ሰው ፊት አማርኛ መናገር እንደምታፍር ታውቂያለሽ። ያን ዕለት ሶማሊኛውን ከአማርኛ እየቀላቀለች፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ተናገረች። ወላሂ ብልቃጦቹን ያጠንኳቸው እኔ ነኝ፣ ልጆቹ አላዘዙኝም፣ እኔም ለክፋት አላደረግሁትም አለች። ከዚያ እትዬ የሺመቤት አንገታቸውን አዘንብለው «አቦ ላዳን፣ አፈርም ታጥኛለሽ እንዴ?» ሲሏት ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። እናቴም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ቤቱ የሚያጥነው ዕቃ አለው።

ዮኒስ ክፉ ሰው አይደለም። አዳመጠን፤ አልፎም ሳቀ። ግን እጁ ላይ ያለው የጸደቀና የተፈረመ ጥናት ነው። የወተት ነጋዴ ቃል ሰምቼ ልሽረው አልችልም፣ የጥናቱ ባለቤት ራሷ ስህተት ነበረበት ብላ ከጻፈች ግን በማግሥቱ ክልከላውን አነሳለሁ አለ። አማካሪያችንም ያው ነው ያለው። ደነገጠ፤ ለእርሱ እንኳ አልነገርሽውም ነበርና። ማህደር የጢሱን ነገር ታረጋግጥ፣ የቀረውን ለእኔ ተዉት አለኝ። እንግዲህ ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ አንቺ እጅ ላይ ነው። ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ገበሬው ኮምፖስቱን አሁን ካልበተነ ለዘንድሮ አበቃ። ማኅበሩም ሌላ ወቅት ሳይሸጥ የሚቆይበት አቅም የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ የዘለልሽውን ሥራ እኔ ሠርቻለሁ። ዋሂል ተመልሼ ከሁለቱም እርሻ በአንድ ቀን፣ ጢስ ባልነካው ብልቃጥ፣ አፈሩን ወስጃለሁ። እናቴ በዚያ ማለዳ ከማጀቷ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ «እንዳልነካቸው ጠብቂኝ» እያለች ትስቃለች። ውጤቱ ወጥቷል። ለአማካሪያችን ሰጥቻለሁ፤ ለእትዬ የሺመቤትም ጥሩም ይሁን መጥፎ እንዳለ ነግሬያቸዋለሁ፤ የእርሳቸው ነውና።

ላንቺ ግን አልነግርሽም።

ሆን ብዬ ነው። ኮምፖስቱ ደህና ነው ብልሽ ተሸንፌያለሁ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ኮምፖስቱ ገዳይ ነው ብልሽ ደግሞ ድሮስ ልክ ነበርኩ ብለሽ ዝም ትያለሽ። ሁለቱንም አልፈልግም። የምፈልገው ውጤቱን ሳታውቂ «በዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ አለማወቄንም አውቅ ነበር» ብለሽ እንድትጽፊ ነው። ይህን ለመጻፍ ምንም ቁጥር አያስፈልግሽም። ሥራሽን ትነጠቂ እንደሆነ አላውቅም፤ አልዋሽሽም፣ ትንሽ ፈርቼልሻለሁ። ግን እትዬ የሺመቤት ሥራቸውን ተነጥቀዋል፤ እርሳቸው ደግሞ ያልፈረሙት ነገር ነው።

ሰኔ ውስጥ የእኔን ጥናት አቀርባለሁ። የደቻቱን አሸዋ ከማሳየቴ በፊት ስለነዚህ ብልቃጦች እናገራለሁ፤ ማን አጠናቸው፣ ማን ሞላቸው፣ ማን አሽትቶ ዝም አለ። እናቴ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ አዲስ ድሪያ ቀሚስ አሰፍታለች። ጽፈሽ ከሆነ የምናገረው ስለ አንዲት ጓደኛዬ ጀግንነት ይሆናል። ካልጻፍሽም እናገራለሁ፤ ስምሽን ጠርቼ።

እናቴ አሁንም ስለ አንቺ ትጠይቃለች። «በልታ ነው የምትውለው?» ትላለች፤ ይህን ስሰማ ደግሞ አዲስ ንዴት ይነሳብኛል። ይህንን ብልቃጥ ትናንት ያጠነችው እርሷ ናት፤ የምልክበትን ምክንያት ነግሬያት፣ ደስ ብሏት ነው ያጠነችው። ስታበቃ አትጣለው፣ ወተት ታድርግበት ብላለች።

በይ አሁን ክዳኑን ክፈቺ። አፍንጫሽን አስጠግተሽ አሽትቺው። ከዚያም ከቻልሽ «ስለ ጢሱ አላወቅኩም» ብለሽ ጻፊልኝ።

ሰምሰም፣
የላዳን ልጅ